የጎተራ ጠባቂዋ እናት፤ ያረገዘች ድመትና የግልገሎችዋ አያያዝ

በታች ጋይንት፥ ስሙን ከዓርብ ቀን ገበያ ባገኘው በአርብ ገበያ ከተማና በዙሪያው ባለው ባላገር፥ አባወራው ዓመት ሙሉ የደከመበት እህል ተወቅቶና ነፍሶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ጠባቂው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሰው ሁሉ በሩንና ቁልፉን ያስባል። ነገር ግን ከሌባ ይልቅ አዘውትሮ የሚሰርቀው አይጥ በቁልፍ አይከለከልም። የጎተራው እውነተኛ ዘበኛ ደመወዝ የማትጠይቀው ድመት ናት። ይህ አገር በስተ ደቡብ እስከ በሽሎ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ፥ ዝናብ ባነሰበት ዓመት እህል ቶሎ የሚያጥርበት አገር ስለ ሆነ፥ በአይጥ የሚጠፋው አንድ ቁና ጤፍ በጠገበ አገር ከሚጠፋው አንድ ቁና ጋራ እኩል አይደለም።

ደግሞም ጋይንት የመጻሕፍት አገር ነው። የድጓ ዜማ መምህራን የሚመሰክሩባት ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ገብቶ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለክብሩ ብቻ አይደለም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ለማራቅም ነው። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነውና አይጥ እንደ ምግብ ያየዋል። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰውም እንደሚያውቀው ወረቀት አይተርፍም፤ አይጥ የውል ወረቀት በሚበላበት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ አይለይም፤ ማኅተሙ ካለበት ጥግ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሁለቱንም ያከራክራል።

እንግዲህ ይህን ያህል አገልግሎት የምትሰጥ እንስሳ ሆድዋ ገፍቶ የመውለጃዋ ቀን ሲቀርብ፥ ብዙ ጊዜ የምትቀበለው ዋጋ ከቤት መባረር ነው። በጓዳ ልትወልድ ነው፥ ልብስ ልታበላሽ ነው ተብላ በመጥረጊያ ትመታለች። ግልገሎችዋም ዐይናቸው ሳይገለጥ ወደ ገደል ይጣላሉ፤ ወይም ገና ጡት ሳይጠግቡ ለጎረቤት ይታደላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አይጥ በዛ ተብሎ ከገበያ የአይጥ መርዝ ይገዛል።

የሁለቱን እንስሶች አወላለድ ያነጻጸረ ሰው የዚህን አሠራር ጉዳት ወዲያው ይረዳዋል። የቤት አይጥ የምታረግዘው ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ ነው፤ ባንድ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፤ እንስቶቹ ልጆችዋም ስድስት ሳምንት ያህል ሲሞላቸው ለመፅነስ ይደርሳሉ። ድመት ግን የምታረግዘው ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ የምትወልደውም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ነው። ድመቷ አንድ ጊዜ እስክትወልድ አይጧ ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ድመት በጠፋች ጊዜ ምትክዋ ቶሎ አይገኝም፤ አይጦቹ ግን አይጠብቁም።

መርዙም ቢሆን ጠላትን ብቻ መርጦ የሚገድል አይደለም። መርዝ የበላው አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ሰውነቱ ደክሞ ሲንገዳገድ ድመቷ በቀላሉ ትይዘዋለች፤ በሆዱ ያለውም መርዝ ወደ እርስዋ ሊተላለፍ ይችላል። ዶሮም ሕፃንም ከዚያው መርዝ ሊቀምሱ ይችላሉ። ያረገዘች ወይም የምታጠባ ድመት ባለችበት ቤት የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ አንዱን ዘበኛ በሌላው ማስገደል ነው።

ድመት ማርገዝዋ የሚታወቀው እንዴት ነው ቢባል፥ ከፀነሰች ሦስት ሳምንት ሲሆናት የጡቶችዋ ጫፍ ቀላ ብሎ ጎላ ይላል፤ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ሆድዋ መስፋት ይጀምራል። ሆድዋን እየጨመቁ ስንት እንዳሉ ለመቁጠር መሞከር ያስወርዳታልና የተከለከለ ነው። እዚህ ላይ የፍርድ ቤት ሰዎችን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። እንስት ድመት በአንድ የድሪያ ወራት ከብዙ ወንዶች ጋራ ልትገናኝ ትችላለችና፥ በአንድ ቀን ከአንድ ማሕፀን የተወለዱ ግልገሎች አባታቸው ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ድመቶች ስለ ርስት አይካሰሱም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ምግብዋ ነው። በብዙ ቤት ድመት የምትመገበው የተረፈ እንጀራ በሽሮ ወጥ ታሽቶ ነው፤ የቀረውን ራስዋ አድና ትብላ ይባላል። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለውን ለዐይንና ለልብ ጤና የሚያስፈልገውን ነገር ሰውነትዋ በበቂ መጠን ሊሠራው ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። ይህ የጎደለባት እርጉዝ ድመት ልትጨነግፍ ወይም ደካማ ግልገሎች ልትወልድ ትችላለች። የሽሮው ወጥ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የድመትን ደም የሚያበላሹ ናቸው። ስለዚህ ሆድዋ መግፋት ከጀመረ አንሥቶ ምግብዋን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፥ ወደ መጨረሻው ከቀድሞው በግማሽ ያህል ማብዛት ይገባል፤ በምታጠባበት ጊዜ ግን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያስፈልጋታል። ከብት በታረደ ቀን ከሳንባው፥ ከልቡ፥ ከጣፊያው ጥቂት ቆርጦ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅሎ መስጠት ለባለቤቱ እምብዛም ወጪ የለውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ ጉሮሮዋን ይወጋልና አይሰጥም። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ በአጠገብዋ ይኑር። ወተት ውሃን አይተካም፤ ያደጉ ድመቶች አብዛኞቹ በላም ወተት ሆዳቸው ይታወካል።

ስለ ጾም ወራት አንድ ቃል መናገር ግድ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የድመት እርግዝና ደግሞ ከ63 ቀን ጀምሮ ነው። በጾሙ መግቢያ ገደማ የፀነሰች ድመት፥ ቅቤና ሥጋ በማይገባበት ቤት እርግዝናዋን ሁሉ ማለት ይቻላል በባዶ እንጀራ ትጨርሳለች። በየጋጣው አይጥ ያለባት ብትሆን ኑሮዋን ታሸንፋለች፤ በከተማ ቤት ተዘግቶባት የምትኖረው ግን ትጎዳለች። የነነዌ ንጉሥ የዮናስን ስብከት በሰማ ጊዜ ሰዎችም እንስሶችም አንዳች እንዳይቀምሱ ማዘዙ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ያንን ጾም በዓመት 3 ቀን ትጾመዋለች። ድመት 55 ቀን እንድትጾም ያዘዘ ግን የለም። የጾሙን ዕቃ ላለማርከስ የሚጠነቀቅ ቤተ ሰብ ለእርስዋ አንዲት ትንሽ ሸክላ ለብቻ ለይቶ እንቁላል ወይም ሥጋ ቢቀቅልባት፥ የሰውም ጾም አይፈርስም፤ የእንስሳዋም ሕይወት አይጠፋም።

መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ድመቷ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ስፍራ ትፈልጋለች። ስፍራ ያልሰጣት ቤት እርስዋ የመረጠችውን መቀበል አለበት፤ የምትመርጠውም ብዙ ጊዜ ለጥምቀት ታጥቦ የተቀመጠውን ነጠላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ሰፊ ቅርጫት ወይም ሣጥን ማዘጋጀት ይሻላል። ጠርዙ ከስንዝር ያነሰ ይሁን፤ እናቲቱ በቀላሉ ትወጣበታለች፤ ግልገሎቹ ግን አይወድቁበትም። በውስጡ ንጹሕ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍበት። ሣጥኑ ከጎታው ኋላ ወይም በጓዳው ጥግ፥ የምድጃው ሙቀት ከሚደርስበት፥ ጢሱ ግን ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ውሻና እንግዳ ሕፃናት የሚመላለሱበት አይሁን። እንድትለምደው ከአሁኑ ምግብዋን በዚያው አጠገብ መስጠት መልካም ነው።

የምጥዋ ቀን ሲደርስ ድመቷ ምግብ ትተዋለች፤ ትቅበጠበጣለች፤ ጨርቁን በጥፍርዋ ትቧጥጣለች። ይህ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላልና አያስደነግጥም። ማማጥ ከጀመረች በኋላ ግልገሎቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ልዩነት ይከታተላሉ። በዚህ ጊዜ የሰው ሥራ ከሩቅ ሆኖ ማየት ብቻ ነው። እናቲቱ ራስዋ ሽፋኑን ቀድዳ፥ እትብቱን በጥርስዋ ቆርጣ፥ ግልገሉን በምላስዋ እያሸች ታስተነፍሰዋለች፤ የእንግዴ ልጁንም ትበላዋለች። ይህን አይተው የሚጸየፉ አሉ፤ ዳሩ ግን የተፈጥሮ ሥርዓት ስለ ሆነ መከልከል አይገባም።

ሰው እጁን የሚያስገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ እናቲቱ ደክማ ወይም ገና ጀማሪ ሆና ሽፋኑን ሳትቀድድ የቀረች እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ እጅን በሳሙና ታጥቦ፥ ሽፋኑን ከአፍንጫው በኩል ቀድዶ፥ አፉንና አፍንጫውን መጥረግ፥ ሰውነቱንም በደረቅ ጨርቅ ማሸት ነው። እትብቱን ቀቅለው ባቀዘቀዙት ክር ከሆዱ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገው ካሰሩት በኋላ፥ ከክሩ ወዲያ በንጹሕ መቀስ ይቈረጣል። ሁለተኛው ምክንያት ብርቱ ምጥ ይዟት አንድ ሰዓት ያህል ሳይወለድ የቀረ፥ ወይም ግልገሉ በበሩ የተቀረቀረ፥ ወይም የሚሸት ፈሳሽ የወጣ እንደ ሆነ ነው። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ በግምት መጎተት እናትንም ልጅንም ይገድላል።

አዲስ የተወለደ ግልገል ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ከሁለት የዶሮ እንቁላል እምብዛም አይበልጥም። አያይም፥ አይሰማም፥ ሰውነቱንም ማሞቅ አይችልም። ሽንትና ዐይነ ምድሩን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያህል ያለ እናቱ ምላስ ሊያወጣ አይችልም። ሰው ሁሉ የላምን እንገር ዋጋ ያውቃል፤ የድመትም እንገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያን ያልጠባ ግልገል ከበሽታ የሚጠብቀውን ኀይል ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ በተወለዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ጡት መያዛቸውን ማየት፥ በትልልቆቹ የሚገፋውን ደካማውን ቀስ አድርጎ ወደ ጡት ማስጠጋት ይገባል። የጠገቡ ግልገሎች ተቆላልፈው ይተኛሉ፤ ሳያቋርጡ የሚጮኹ እንደ ሆነ ግን ተርበዋል ወይም በርዷቸዋል።

በጋይንት ደጋ ሌሊቱ ብርቱ ነውና ግልገልን ከረኃብ በፊት የሚገድለው ብርዱ ነው። ቀዝቅዞ የተገኘ ግልገል ወተት አይሰጠው፤ ሆዱ አይፈጭለትም። መጀመሪያ በሰው ገላ ወይም ሙቅ ውሃ በተሞላና በጨርቅ በተጠቀለለ ጠርሙስ አጠገብ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ ከዚያ ወደ እናቱ ይመለስ።

ዐይናቸው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ሁሉም በመጀመሪያ ሰማያዊ ዐይን አላቸው። ዘገየ ብሎ በጣት መክፈት ያሳውራል። ድመቷ ግልገሎችዋን በማጅራታቸው ነክሳ ከቦታ ወደ ቦታ ስታዛውር የታየች እንደ ሆነ፥ የነበረችበት ስፍራ ጩኸት ወይም ቁንጫ በዝቶበት፥ ወይም ሰው አብዝቶ ነካክቶባት ነው፤ እየተከተሉ መመለስ ደግማ እንድታዛውር ያደርጋታል። ልጆችዋን በላች የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሞተውን ወይም የታመመውን ስታስወግድ ታይታ ነው፤ አንዳንዴም ጥፋቱ የእንግዳ ወንድ ድመት ነው፤ እርሱን ማራቅ ይገባል። ቁንጫ ትንንሾቹን ደማቸውን መጥጦ ሊገድላቸው ይችላልና ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፥ በጥሩ ማበጠሪያ ማበጠር ነው። ለከብት መዥገር የተዘጋጀውን መድኃኒት በድመት ላይ መርጨት ግን ቁንጫውንም ድመቷንም አንድ ላይ መግደል ሊሆን ይችላል።

ለቤቱ እመቤት ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። በድመት ዐይነ ምድር የሚተላለፍ ቶክሶፕላስማ የተባለ ተውሳክ ነፍሰ ጡር ሴትን የያዘ እንደ ሆነ በማሕፀን ያለውን ፅንስ ይጎዳል። ድመት በአመድ ላይ መጸዳዳት ትወዳለችና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ያንን አመድ አትጥረግ፤ ሌላ ሰው ይጥረገው። ተውሳኩ ከወጣ በኋላ ለመጉዳት የሚደርሰው ከአንድ ቀን እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ስለ ሆነ በየቀኑ መጥረግ ይረዳል። ሥጋም ለሰውም ለድመትም በስሎ ይበላ፤ ጥሬ ሥጋ የዚሁ ተውሳክ ሌላው መንገድ ነውና። ይህ ከተጠበቀ ድመቷን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

እናታቸው የሞተችባቸው ግልገሎች በተገኙ ጊዜ የሚሻለው የምታጠባ ሌላ ድመት ፈልጎ ከእርስዋ ልጆች ጋራ መቀላቀል ነው፤ ብዙዎቹ እናቶች ሳይለዩ ያጠባሉ። ይህ ያልተገኘ እንደ ሆነ ለጊዜው ለብ ያለ የፍየል ወተት የእንቁላል አስኳል ተመትቶበት፥ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ጠብታ በጠብታ ይሰጣል። የላም ወተት በውሃ ማቅጠን ስሕተት ነው፤ የድመት ወተት ከላም ወተት የወፈረ ነውና። ግልገሉ በሆዱ ተኝቶ ይጥባ፤ በጀርባው ቢንጋለል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ሌሊትም ጭምር ማጥባት፥ ከጠባም በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ከጭራው በታች ማሸት ያስፈልጋል። ይህን የሞከረ ሰው የእናቲቱን ዋጋ ያውቃል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንመጣለን። ድመት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዘርዋ ነው፤ የእገሊት ድመት አዳኝ ናት፥ ከእርስዋ ዘር ስጡኝ ይላል። በውጭ አገርም የድመት ዘር በመዝገብ ይያዛል። የአገራችንን ስም ይዛ አቢሲኒያን የምትባል ድመት በዓለም ታውቃለች። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከበሽሎ ማዶ መቅደላን ወግቶ ሲመለስ ዙላ የተባለች ድመት አብራ ወደ እንግሊዝ እንደ ሄደች ይነገራል። ስምዋ ጦሩ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ባወጣው የድመት መጽሐፍ ሥዕልዋ ይገኛል። የዛሬው የዘር ምርመራ ግን የዚያች ድመት ነገድ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የመጣ መሆኑን ያመለክታል። ስም ከአንድ አገር፥ ዘር ከሌላ አገር ሊሆን እንዲህ ይቻላል።

ዘር ጠጕርን ይሰጣል፤ አዳኝነትን ግን አብዝታ የምትሰጠው እናት ናት። ይህንንም ዚንግ ያንግ ኩዎ የተባለ የቻይና ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ባወጣው ምርምር አሳይቷል። አይጥ የምትገድል እናት እያዩ ካደጉት 21 ግልገሎች 18ቱ አራት ወር ሳይሞላቸው አይጥ ገደሉ። ለብቻቸው ካደጉት 20ዎቹ ግን 9ኙ ብቻ ገደሉ፤ ከአይጥ ጋራ በአንድ ቤት ካደጉት 18ቱ ደግሞ 3ቱ ብቻ። እናቲቱ አራትና አምስት ሳምንት ለሞላቸው ልጆችዋ መጀመሪያ የሞተ፥ ቀጥሎም በሕይወት ያለ አይጥ እያመጣች ታስተምራቸዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጎረቤት የተሰጠ ግልገል ይህን ትምህርት ሳያገኝ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ጌታው አይጥ አይዝም፥ ሥጋ ብቻ ይሰርቃል እያለ ይከሰዋል። ስለዚህ ግልገል ከእናቱ የሚለየው ሁለት ወር ሲሞላው ነው፤ ጥቂት ሳምንት ቢጨመርለት ደግሞ ይሻላል።

የጠገበች ድመት አታድንም የሚለውም ልማድ እውነት አይደለም። የማደን ፍላጎትዋና ረኃብዋ ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው፤ እየበላች ያለችውን ትታ የሮጠ አይጥ የምትይዝ ድመት ታይታለች። ረኃብ የሚያሳድረው ልማድ ከቤት ርቆ መሄድን ነው፤ ርቃ የሄደች ድመት የቤቱን ጎተራ አትጠብቅም።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግልገሎቹን በየቀኑ ጥቂት ጊዜ በእጅ ይዞ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ሁለት ወር ሙሉ ሰው ያልነካቸው እንደ ሆነ እንደ ዱር እንስሳ ይሸሻሉ። ከአራተኛው ሳምንት አንሥቶ ደቆ የበሰለ ሥጋ ይቅመሱ። እናቲቱ ገና እያጠባች እንደ ገና ልትፀንስ ትችላለች፤ ሴቶቹ ልጆችዋም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሊፀንሱ ይችላሉ። የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ያለለት ሰው፥ ለቤቱ የሚበቃው ቁጥር በሞላ ጊዜ እናቲቱን ማኮላሸት፥ ግልገሎችን በየጊዜው ወደ ገደል ከመጣል የተሻለ ነው። ሦስት ወር የሞላቸውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተቡ፤ በሽታው ከውሻ ወደ ድመት፥ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋልና። የነከሰችው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ግልገሉን የሚወስደው ሰው በክዳን ባለው ቅርጫት ያድርገው፤ ከእናቱ መኝታም አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይቀበል፤ ሽታው ያጽናናዋል። አዲሱ ቤት እንደ ደረሰ ወደ ደጅ አይለቀቅ፤ ሁለት ሳምንት ያህል እህሉ ባለበት ክፍል በሩ ተዘግቶ፥ ምግቡና ውሃው በዚያው እየተሰጠው ይቆይ።